የተጣለው ሳንባ

ጄሊሞ ያን ቀን ቀዩን የቆሻሻ ከረጢት ባትፈታው ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ኤልዶሬት ከተማ ውስጥ እሷ በምትሠራበት የካንሰር ምርምር ቤት ወጉ እንዲህ ነው፦ አይጧ መድኃኒቱን ትወስዳለች፣ ከቆዳዋ ሥር ያለው ዕጢ ይለካል፣ አነሰ ተብሎ ይጨበጨባል፣ አይጧ ከነሆድ ዕቃዋ ከረጢት ውስጥ ትጣላለች። ሳንባዋን የሚከፍት የለም። ለምን ይከፈታል? ጥያቄው ዕጢው አነሰ ወይ ነው፤ አንሷል፤ በቃ!

ጄሊሞ ግን ከአይጦቹ አንዷ ከመሞቷ በፊት ትንፋሽ አጥሯት ስትንፈራገጥ አይታ ስለነበር ከረጢቱን ፈትታ አወጣቻትና ከፈተቻት። ሳንባዋ ላይ ነጫጭ ዕጢ ተዘርቶበታል። ሌላዋን ከፈተች፤ ያው ነው። መድኃኒቱን ያልወሰዱትን ከፈተች፤ የእነሱ ሳንባ ንጹሕ ነው።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። መድኃኒቱ የሚያፍነው የካንሰሩ ሴሎች ምግባቸውን የሚያሰናዱበትን አንድ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ሲታፈን ሴሎቹ መባዛት ያቅታቸዋል፣ ዕጢውም ይሟሽሻል፤ ይህስ እውነት ነው። ግን ሁሉም አይሞቱም። ማድቤቱ የተዘጋባቸው ከቤት ይወጣሉ፤ ደም ሥር ውስጥ ገብተው ሌላ ማረፊያ ይፈልጋሉ። ዕጢውን የሚያከሳው መድኃኒት ራሱ ካንሰሩን ለመንገድ ያስነሳዋል ማለት ነው። እና ይህ መድኃኒት በማግስቱ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሊሰጥ ነው! ጉሮሯቸው በካንሰር ለተዘጋባቸው ለወተት ነጋዴዋ ለማማ ታብሱቤይ!

ጠዋት የጥናቱ ኃላፊ ፕሮፌሰር ኬትር ሻዩን እያማሰለ ሰማት። መስማት ከተባለ።

«አንቺ ልጅ፣ አይጥ እኮ ሰው አይደለችም» አላት።

«ዕጢዋ ያነሰ ጊዜ ሰው ነበረች! ለሰው እንስጥ ያልነው እሷን አይተን አይደል? ሳንባዋ ሲበላሽ ነው አይጥ የሆነችው?»

«አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ። ሳንባ ማየት ጥናታችን ውስጥ የለም።»

«ስለሌለ ነዋ የምጮኸው! እስቲ ይምጡና አንድ ጊዜ ይዩት።»

ፕሮፌሰሩ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ካየሁት መጻፍ አለብኝ፤ ከጻፍኩት ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። መጀመሪያ ሴትዮዋ ትጀምር፤ ከዚያ አያለሁ።»

ወይ ዓይን አውጣነት! ሰው እንዴት ይህን በአፉ ይናገራል? ያውም ያስተማራት ሰው፣ «ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ» እያለ ያሳደጋት ሰው! ጄሊሞ ደሟ ፈላ። በሩን በርግዳ ወጣችና በቀጥታ እዚያው ግቢ ወዳለው የሕሙማን ክፍል ሄደች።

ማማ ታብሱቤይ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ውኃ በሻይ ማንኪያ እየቀመሱ ነበር። ከውኃ ሌላ የሚያልፍላቸው ነገር የለም።

«ምነው ልጄ፣ ሰው የሞተብሽ ትመስያለሽ» አሏት።

ጄሊሞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጉሮሯቸው ሊከፈት እንደሚችል፣ ካንሰሩ ግን ወደ ሳንባ ሊዛመት እንደሚችል፣ በሰው ላይ እንዲህ ይሁን አይሁን ማንም እንደማያውቅ፣ ፕሮፌሰሩም ሳንባውን አሁን አላይም እንዳለ።

«ሙርሲክ እውጥበታለሁ?» ሲሉ ጠየቁ ማማ። ሙርሲክ ሲሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅል ሲያረጉ የኖሩትን እርጎ ማለታቸው ነው።

«ምናልባት፤ ለጥቂት ጊዜ።»

«ለልጄ ሠርግ ይደርስልኛል?»

«ሊደርስ ይችላል።»

«እንግዲያው እሺ እል ይሆን ነበር!» አሉ ማማ፤ ድምፃቸው እየተሰነጠቀ። «እውነቱን ቢነግረኝ፣ ሞቴንም እያወቅሁ እሺ እል ይሆን ነበር! እኔ ላም ስሸጥ አንዱ ጡቷ የታመመ እንደሆነ ለገዢው ተናግሬ ነው የምሸጠው። ለላም! እኔ ከላም አነስኩበት? የት ነው ያለው ይሄ ሰውዬ? ጫማዬን አቀብይኝ!»

በሆስፒታል ቀሚሳቸው፣ የጄሊሞን ክንድ ይዘው፣ በየወንበሩ እያረፉ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ደረሱ። በሩን አላንኳኩም።

«አንተ ኬትር፣ ሳንባውን አይተኸዋል?»

«ማማ፣ ኧረ ይቀመጡ፤ ነገሩ ረጅም ነው…»

«አየኸው ወይ ነው ያልኩህ!»

«አላየሁም።»

«ተነሥ። አብረን እናየዋለን። እኔ አይገባኝም፤ አንተ እያየህ ትነግረኛለህ።»

የእናቱ እኩያ በበሽታ ገርጥተው በሩ ላይ ቆመው ሳለ እንቢ የሚልበት አፍ አጣ። ተነሥቶ ተከተላቸው። ጄሊሞ ሳንባዎቹን ሳህን ላይ አድርጋ አቀረበችለት፤ ጎንበስ ብሎ አየ። ያልወሰዱትን አየ፤ የወሰዱትን አየ። ደግሞ ተመልሶ አየ።

«ምን ይታይሃል?»

«ተዛምቷል» አለ ቀስ ብሎ። «የወሰዱት ሁሉ ላይ ተዛምቷል።»

ነርሷ መድኃኒቱን በትሪ ይዛ ስትፈልጋቸው ቆይታ ያን ጊዜ ደረሰች። «ማማ፣ እዚህ ነዎት እንዴ! ተዘጋጅቷል፤ እንጀምር?»

«መልሺው» አላት ፕሮፌሰሩ።

ማማ ታብሱቤይ ትሪው ሲመለስ እያዩ እንባቸው ወረደ። ሠርጉም ሙርሲኩም አብሮ ሲሄድ ገብቷቸዋል። ፕሮፌሰሩ ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ ገፉት።

«አትንካኝ! አንተ በዓይንህ ለማየት የፈራኸውን፣ እኔ በሳንባዬ እንዳየው ነበር የፈለግኸው?»