ጋርኔት ለሁሉም ይመጣል

ሰው ከሞተ በኋላም ያዳላል። ጋርኔት ጀልባው ሰጥማ ባሕር ውስጥ ከቀረ ወዲህ በሕልሙ ያልመጣለት ሰው በካሪያኩ ደሴት የለም፤ ከገዛ ሚስቱ በቀር። ለእህቱ ለዩዶራ መጥቶ የበቆሎ ገንፎ አምሮኛል አላት። እሷም እንደ አገሩ ወግ ድስት ጥዳ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ የሱን ድርሻ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ለብቻው አቀረበችለት። አብሮት ተሳፍሮ በዋና ለተረፈው ለሴፋስ መጥቶ አንድ መለኪያ ሩም ለመነው። በፍየል ነገር ተጣልተው እስኪሞት ድረስ ያኮረፈችው የገበያዋ ዊልማ እንኳ፣ "ትናንት ጋርኔት መጥቶ አይቶኝ ሳቀ" ብላ አወራች። ኢዝሜ፣ ካልሲውን ስትጠቅምለት የኖረችው ኢዝሜ፣ አንድ ቀን እንኳ ጥላውን አላየችም።

በዚያ አገር ሟች የሚለምነውን ሰው መርጦ ነው የሚለምነው። የተለመነ ይከበራል፤ ያልተለመነ ይታማል። ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ምን ብትበድለው ነው ይሉ ነበር። ኢዝሜ ደግሞ ሐሜት ሰምታ የምታልፍ ሴት አይደለችም። "ባሌ ከናንተ የሚለምነው እኔ ቤት የጎደለበት ስለሌለ ነው" ትላቸዋለች፣ አንዴ እንኳ ሳትደናቀፍ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። ቤቷ ስትገባ ግን ቀና ያለው አንገት ይሰበራል። ትናፍቀዋለች። ፊቱ ከትዝታዋ እየደበዘዘ ሄዷል፤ እነዚያ የማይረቡ ሰዎች በየጊዜው አዲስ አድርገው ሲያዩት እሷ ያረጀውን ብቻ ይዛ ቀርታለች።

ተስፋዋ ሁሉ በቨርሊንና በባሏ በኬልዊን ላይ ነበር። ቨርሊን የጋርኔት ወንድም ልጅ ናት። ባልና ሚስቱ በትልቁ ደሴት በግሬናዳ፣ አየር በጀርባ ተሸክሞ ባሕር መጥለቅን ለእንግዳ ያስተምራሉ። የአውሎ ነፋሱ ወራት ሲቃረብና እንግዳው ሲሳሳ፣ ለራሳቸው አንድ ቦታ መርጠው ሄደው ይጠልቃሉ። ኢዝሜ ይሄ ነገር ገብቷት አያውቅም። ዳቦ ጋጋሪ ዕረፍት ሲያገኝ የሰው ዳቦ ቤት ሄዶ ሲጋግር አላየችም። ቢሆንም አምና እዚሁ በረንዳዋ ላይ ተቀምጠው፣ የሚቀጥለው ተራ የአጎታችን ጀልባ ነው ብለው ነበር። ሴፋስ ከደቡቡ ቋጥኝ ባሻገር የሰጠመችበትን ቦታ አሳይቷቸዋል። ጥልቅ ነው፣ ውሃውም ይጎትታል፤ ለጀማሪ አይሆንም፣ ለነሱ ግን ይሆናል ተብሎ ነበር። ኢዝሜ ያንን ይዛ ዓመቱን ገፋች። የገዛ ደሙ ካለበት ድረስ ወርዶ ሚስትህ እየጠበቀችህ ነው ካለው፣ እንዴት ይቀራል?

መጡ። ሻንጣቸውን አስገቡ፣ የተጠበሰ ዓሣቸውን በሉ፣ በረንዳ ላይ ወጥተው የዘንድሮውን ቦታ መምረጥ ያዙ። ኢዝሜ የርግብ አተሯን እየፈለፈለች አዳመጠች። ኬልዊን የቦኔር ደሴት ይሻላል አለ፤ እዚያ ጀልባም አያስፈልግ፣ ከመንገዱ ዳር ተራምደህ ትገባለህ፣ ውሃው እንደ ኩሬ የረጋ ነው። ቨርሊን እሱ ለጡረተኛ ነው አለችው። ሳባ የምትባለውን ደሴት አነሳ፤ ከባሕር ሥር ተራራ እንደ መርፌ የቆመበት ነው። ሩቅ ነው አለች። የኬይማኑን ግድግዳ፣ ወለሉ ድንገት ተቆርጦ ወደ ጨለማ የሚወርደውን፣ አነሳ። እሱን አይተነዋል አለች። ዶሚኒካን አነሳ፤ እዚያ ከባሕሩ ወለል አረፋ እየተንፎለፎለ ይወጣል፣ ሰው በአረፋው መሃል ይዋኛል። ቨርሊን ትከሻዋን ነቀነቀች። እንደ ወትሮዋ አትስቅም፣ እንደ ወትሮዋ አትከራከርም። የጋርኔትን ጀልባ ስም የጠራ የለም።

ኢዝሜ አንድ ጭብጥ አተር ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ለቀቀች።

"የኛ ባሕር ደርቋል እንዴ?" አለች።

 ኬልዊን ጨዋ ልጅ ነው፤ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዘንድሮ የውሃው ጉተታ እንደበረታ፣ ምናልባት ለከርሞ እንደሚሻል ማስረዳት ጀመረ።

"ለከርሞ እኔ ራሴ ከሥር ነኝ። ያኔ ለሁለታችን ትወርዳላችሁ" አለችው። "ደግሞ አንተ ውሸት አይሆንልህም፣ ጆሮህ ይቀላል። ምን ሆናችሁ?"

የመለሰችው ቨርሊን ናት። ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ ከመምጣታቸው በፊት አጎቷን በሕልሟ እንዳየችው ተናገረች። ውሃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ ቆሞ፣ "ነይ፣ ያለሁበትን እዪ" አላት። ኬልዊን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያ ቋጥኝ አንደርስም ብሏል። የእናቱ አገር ሰዎች፣ ባሕር የበላው ሰው ነይ ካለ አብሮት ሊያስቀር ነው ይላሉ። በባሕር ሥር ኑሮውን የመሠረተ ሰው፣ ሻርክ እንኳ የማይፈራ ሰው፣ ይህን ፈራ። ቨርሊንም ፈርታለች።

እነሱ አክስታቸው፣ በነሱ አጠራር ታንቲ ኢዝሜ፣ ትደነግጣለች ብለው ነበር። እሷ ግን የተሰማት ድንጋጤ አልነበረም። ቅናት ነበር። ይቺም? በዳይፐር ያሳደግኋት ይቺም አየችው?

"ከስቶ ነበር?" አለች፣ ድምጿ ከወትሮው ቀጥኖ።

"አልከሳም፣ ታንቲ።"

"ጢሙስ? ተላጭቶ ነበር ወይስ እንዳደገ ነው?"

"በቅጡ አላየሁም።"

"በቅጡ አላየሽም። ለአንቺ መጥቶልሽ በቅጡ አላየሽውም።" ሳህኑን ከጭኗ አንስታ አስቀመጠች። "ስሚኝ አንተም ኬልዊን። ያ ሰው በሕይወቱ ዶሮ ማረድ ፈርቶ እኔ ነበርኩ የማርድለት። ሰው ወደ ሞት የሚጠራ አንጀት የለውም። እዪ ካለ እዪ ማለቱ ነው፤ ከሁለት ቃል በላይ ተናግሮ አያውቅም።"

ኬልዊን አንገቱን ደፋ እንጂ እሺ አላለም። ቦኔር እንሄዳለን፣ ነገ ጠዋት ወደ ግሬናዳ በሚሄደው መርከብ እንመለሳለን አለ። ኢዝሜ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። እናንተ ካልሄዳችሁ ሴፋስን ይዤ እኔ እሄዳለሁ፣ ምግቡን ይዤለት እሄዳለሁ አለች፤ በቁጣ እየተናገረች ድስቱን ጣደች። የበቆሎውን ዱቄት አማሰለች፣ አተሩን ጨመረች። ቨርሊን ልታባብላት ተከትላ ገብታ በሩ ላይ ቆመች።

ኢዝሜ እጇን ወደ ጨው ዕቃው ስትሰድ ቨርሊን አየቻት።

"ታንቲ፣ ይሄ እኛ የምንበላው ነው?"

"ለጋርኔት ነው አላልኩም?"

"ታዲያ ጨው?"

በካሪያኩ ሟች ጨው እንደማይቀምስ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ጨው ያለበት ምግብ የቀረበበትን ቤት ሟች ደጃፉን አይረግጥም። ኢዝሜም ታውቃለች። ለእናቷ፣ ለአባቷ፣ ለሞተባት ወንድሟ በየበዓሉ ስታቀርብ አንዲት ፍንጣሪ ጨው አድርጋ አታውቅም።

"እሱ ለሌላው ሟች ነው" አለች፣ አልሸነፍ ባይነት ባፏ እንዳለ። "ጋርኔት አልጫ አይበላም። ስንት ጊዜ ነው ገፍቶ የተነሳብኝ! ጨው ከሌለው ሳህኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ ይሄን ለታመመ ሰው ስጪ ይለኛል።"

"በየዓመቱ እንዲህ ነው የሚያቀርቡለት?"

"በየዓመቱ። የሚወደውን ለማብላት የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?"

ቨርሊን የኢዝሜን እጅ ትኩር ብላ አየች።  ኢዝሜ እጇ ጨው ዕቃው ውስጥ እንዳለ ቆመች። ድስቱ ይፈላል፤ ከደጅ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። ቀስ ብላ እጇን አወጣች፣ የያዘችውን ወደ ዕቃው መለሰች፣ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ዘመን ሰውየው እስከ ደጇ መጥቶ፣ የፍቅሯን ሽታ አሽትቶ፣ ወደ ዩዶራ ቤት ሲሄድ ታያት። ሲርበው ወደ ዊልማ እንኳ ሲሄድ።

"ዶማ ራስ" አለች። ለራሷ ይሁን ለጋርኔት ቨርሊን አልለየችም። ያቺን አሮጊት ግን ስታለቅስ አይታት አታውቅም ነበርና፣ ወጥታ ለባሏ የነገረችው ይህንን ነው።  ኬልዊን ተነስቶ በጀርባ የሚሸከሟቸውን ሲሊንደሮች አየር መፈተሽ ጀመረ። ቦኔር የትም አይሄድም አለ፤ ነገር ግን ውሃው ረግቶ ካላገኘሁት ጣቴን አልነክርም፣ ቨርሊንም ከኔ አንድ ክንድ አትርቅም።

በማግሥቱ ማለዳ በሴፋስ ጀልባ ወጡ። ኢዝሜ የክት ባርኔጣዋን ደፍታ ከፊት ተቀመጠች። ባሏ ከቀረ ወዲህ በዚያ በኩል ወጥታ አታውቅም። አልጫውን ገንፎ በጨርቅ ሸፍና ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ሴፋስ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቃትና ነገረችው።

"አሁን ይሄን ባሕር ውስጥ ልትደፊው ነው?" አላት። "ሴትዮ፣ ባሕሩ ራሱ ጨው አይደል? አንቺ ከጨመርሽው ይልቅ የተኛበት አይብስም?"

"የተኛበትን የመረጥኩለት እኔ አይደለሁም። የሳህኑ ነገር ግን በኔ ነው" አለችው፣ ግን ሳህኑን ወደ ራሷ አስጠግታ ያዘች። እውነቱን ነው፤ ይሄ ቤት ተወስዶ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀርበው።

ከቋጥኙ ባሻገር ሴፋስ መልሕቁን ጣለ። ኬልዊን ውሃውን ተመለከተ፣ አንድ ገመድ ወርውሮ ጉተታውን ለካ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ለካ። በመጨረሻ ለሚስቱ በእሺታ ራሱን ነቀነቀላት። ሁለቱም ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ወደ ኋላ ወደቁ። ውሃው ተከደነ። አረፋቸው ብቻ ከጀልባው ጎን ብቅ ይል ጀመር፣ እየቀጠነ።

ኢዝሜ አረፋውን አየች። ከቀረ ወዲህ ከዚህ በላይ ቀርባው አታውቅም። ልትናገረው ያሰበችው ብዙ ነበር፤ ጣሪያው እንደተቀየረ፣ ጀልባዋን በሚስቱ ስም መጥራት ሲገባው በእናቱ ስም በመጥራቱ እስከ ዛሬ እንዳልተወችለት፣ ጉልበቷ እንደደከመ። አፏን ስትከፍት ግን ሁሉም ጠፋባትና እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ ብቻ ተቀመጠች። ሴፋስ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረላት።

ሲወጡ መጀመሪያ ብቅ ያለችው ቨርሊን ናት። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ የጀልባውን ጠርዝ ያዘች። ትንፋሿን እየሰበሰበች ነገረቻት፤ ጀልባዋ አለች፣ በጎኗ ተኝታለች፣ ምሰሶዋ ላይ የኮራል ድንጋይ በቅሎበታል፣ ቢጫ ዓሣዎች በመስኮቱ ይወጣሉ ይገባሉ። ሰላም ነው ታንቲ፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም አለቻት።

"እሱንስ?"

"አላየሁትም፣ ታንቲ። ስምዎን ግን ነገርኩት። በልቤ።"

ኢዝሜ ጎንበስ ብላ የቨርሊንን እርጥብ እጅ በሁለት እጇ ጨበጠችው።

"በመርከቡ አትሄዱም። ዛሬ እኔ ቤት ታድሪያለሽ" አለቻት። "ከመጣብሽ ምን ፈለግህ ብለሽ እንዳትጠይቂው። የለመነሽንም እንዳትሰጪው፣ ውሃም ቢሆን። ሚስትህ እዚሁ ጎን ባለው ክፍል ተኝታለች፣ ሳህንህም ያለ ጨው ቀርቧል፣ የምትለምነው ካለህ እሷን ለምናት በዪውና ወደኔ ላኪልኝ።"