የሚስቱ ዶክተር

«ዶክተሩ ደግሞ ዛሬ ምን አለ መሰለህ?» ስትል ሚስቱ፣ አናጺው ትኩሱን ሻይ ሳያስበው ተጎነጨ። ምላሱ ጎን ላይ ያለው ቁስል እንደ እሳት ለበለበው። ፊቱን እንዳታይበት ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ምን አለ?»

«አንዱ ታካሚ ‹ሁሉንም ጥርሴን ንቀልልኝና ልረፍ› ቢለው፣ ‹ከዚያ በምን ሊስቁብኝ ነው?› አይለው መሰለህ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

አናጺው አልሳቀም። ጥርስ ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ከተቀጠረች ወዲህ ዶክተሩ የማይነሳበት ማዕድ የለም። ድሮ እሱ የደንበኞቹን ጠባይ እያስመሰለ ሲያወራላት እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር። አሁን ሳቋን ሁሉ እዚያ ጨርሳ የምትመጣ ይመስለዋል።

ቁስሉን ለማንም አልተናገረም። መጀመሪያ የነከሰው መስሎት በጨው ውሃ ተጉመጠመጠ። ሳምንታት አለፉ፤ ቁስሉ ግን አልሄደለትም፤ ጭራሽ ዙሪያው ደደረ። ሲጋራውንም አልቀነሰም።

«በአንድ ጎን ብቻ ነው የምታኝከው» አለች ሚስቱ። «ና እስቲ፣ ዶክተሩ ይይህ።»

«ለእሱ አፌን አልከፍትም!»

«ታዲያ ለማን ልትከፍት ነው?»

«ለማንም!» አለና በሩን ወርውሮ ወጣ።

የዚያን ቀን ሥራ እጁ ላይ አልረጋ አለው። የደንበኛ በር አሳጥሮ ቆረጠና እንጨቱን አበላሸ። ከሰዓት በኋላ መጋዙን ጥሎ ሄዶ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ቆመ። ሚስቱና ዶክተሩ አብረው ወጡ። ወጣቱ ዶክተር ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ነገራት፤ እሷም ክንዱን ያዝ አደረገችው። አናጺው ደሙ ፈላ። መንገዱን እንዴት እንደተሻገረ አያውቅም።

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?»

ሚስቱ ክው አለች። «ስለ አንተ ነው። ትራስህ ላይ ደም አይቼ...»

«የእኔን ገመና ለሌላ ወንድ?»

ዶክተሩ አልተቆጣም። አፍ አፉን ነበር የሚያየው። «ይቅርታ ጋሼ፣ ሲናገሩ ምላስዎ ይያዝብዎታል። ከጀመረዎት ቆየ?»

«ምን አገባህ!»

«ቁስል ሁለት ሳምንት አልፎት ካልዳነ ያገባኛል።»

ሚስቱ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ቅና፣ እሺ! ግን በሕይወት ኖረህ ቅና!»

ፊቱን ወደ ክሊኒኩ አዞረ። ገባ። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ መብራቱ ዓይኑን እየወጋው፣ ለዚያ ሰው አፉን ከፈተ። ዶክተሩ ምላሱን በፋሻ ይዞ ጎኑን አየ፣ ዳሰሰ፣ አንገቱንም ከአገጩ ሥር ፈተሸ። ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፋ።

«መልኩ አላማረኝም። ሆስፒታል ናሙና ይወሰድለት። ነገ ዛሬ ሳይሉ።»

የናሙናው ውጤት ካንሰር ሆነ። ግን ትንሽ ነበር፤ አንገቱ ላይም አልደረሰም። «እንኳን አሁን መጡ» አለችው ቀዶ ሐኪሟ። «ቢቆዩ ኖሮ ግማሽ ምላስዎን ይዞብን ይሄድ ነበር፤ ምናልባትም እርስዎን።» የታመመውን ቆርጣ አውጥታ ሰፋችው። ቁስሉ እስኪጠግግ መናገር አልቻለም፤ ሚስቱ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰች የዶክተሩን ቀልድ ስትነግረው መልስ መስጠት አለመቻሉ ከስፌቱ በላይ አንገበገበው።

ወደ ሥራው ሲመለስ አንዳንድ ቃል ምላሱ ላይ ይከብደው ነበር። ሲጋራውን ትቷል። ቅናቱን ግን አልተወም።

የወርክሾፑ ቀለም ቀቢ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለየው ጓደኛው፣ በአዲሱ አነጋገሩ አፉን በልቅጦ ሳቀበት። አናጺው የጓደኛው ጉንጭ ውስጥ ቀይ ነገር አየ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ጥርሴ እየፋቀኝ ነው። ይተወኛል።»

«ከጀመረህ ቆየ?»

«ኧረ ቆየ! ምነው?»

አናጺው መላጊያውን አስቀመጠ። ሽርጡን ፈታ።

«ተነስ።»

«ወዴት?»

«አንድ ሰውዬ አለ። እኔ በበኩሌ ዓይኑን ማየት አልፈልግም፤ ሚስቴን ያስቃታል። ግን አፍ ማየት ያውቅበታል። ተነስ፣ እኔው ራሴ አስገባሃለሁ።»