የማይታሽ እግር

ሀዋኦ የሰሊጥ ዘይቱን ጣሳ ከሙቅ ውኃው ሳህን አውጥታ አንድ ጠብታ ክንዷ ላይ ሞከረች። ለብ ብሏል። መዳፎቿን አርሳ እርስ በርስ ካፋተገች በኋላ ምንጣፉ ላይ በጎኗ ወደተኛችው ኢክራን ዞረች። ስምንት ወር የሞላው ሆዷ በትራስ ተደግፏል፤ ሌላ ትራስ በጉልበቶቿ መካከል አለ።

"ቶሎ ቶሎ ያድርጉልኝ፣ እማማ" አለች ኢክራን። "ሻንጣዬን ገና አልዘጋሁም።"

"ዶሮ እየበለትኩ አይደለም። ዝም ብለሽ ተኚ።"

ኢክራን ዝም ብላ መተኛት አልቻለችም። አንዴ ትራሱን ትጎትታለች፣ አንዴ ቀና ብላ በሩን ታያለች። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት፣ ዲላ ልትወልድ ነው። አሁን ያሉት በኬንያው ሞያሌ ነው፤ ነገ ንጋት ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ለሚነሳው አውቶቡስ ትኬት ተቆርጦላታል። ከዚያ በኋላ ሆዷ እየገፋ ስለሚሄድ የሚጭናት ሹፌር አታገኝም።

"እስክትደርስ ድረስ ሹፌሩን በምክር ትገድለዋለች" አለች ካልቱማ። የኢክራን ባል እናት ናት፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች።

ሀዋኦ ሦስት ወር ያልሞላትን ነፍሰ ጡር አትነካም። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ትከሻ፣ ወገብና እግር ታሻለች፤ ሆድ ላይ ግን መዳፏን ታሳርፋለች እንጂ አትጫንም። ይህን ቦሪ በምትባል መንደር ከአክስቷ የተማረችው ልጃገረድ ሳለች ነው። አክስቷ አንድ ነገር ደግሞ አስለምዳታለች፤ ማሸት ከመጀመሯ በፊት ሁለቱን እግሮች በሁለት እጇ እኩል ይዛ ጥቂት ትቆያለች።

ያዘች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ገለጠች።

የቀኝ እግሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ልስልስ ነው። ግራው ይተኩሳል።

እጆቿን አቀያየረች። ምናልባት አንዱ መዳፏ ከዘይቱ የበለጠ ሞቆ ይሆናል። ግራው አሁንም ይተኩሳል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል።

"ተቀመጪ እስቲ።"

"ምነው? ገና አልጀመሩም እኮ።"

ሀዋኦ ከጆንያ መስፊያው ክር አንድ ክንድ ያህል በጠሰች። በኢክራን ቀኝ እግር ባት ዙሪያ አዙራ የተገናኘበት ላይ ቋጠረችው። ያንኑ ክር ግራው ላይ አዞረችው። ክሩ አልደረሰም፤ በመካከሉ ሁለት ጣት ቀረ።

"ይህ እብጠት መቼ ጀመረ?"

"ከኢሲዮሎ ከተማ ወደዚህ ስመጣ። ሎሪ ላይ ሁለት ቀን እግሬን አጥፌ ተቀምጬ ነው የመጣሁት፣ ነግሬዎት የለ? ከትናንት ወዲያ ሲያሹኝ ትንሽ ቀለል አለኝ። ሌሊቱን ደግሞ ባሰበት። ለዚህ አይደል እንደገና ያስጠራሁዎት?"

ሀዋኦ ክሩን እጇ ላይ ጠቀለለችው። ከትናንት ወዲያ አሽታዋለች። ከተረከዝ እስከ ጉልበት፣ በአውራ ጣቷ እየገፋች። ያን ቀን እግሮቹን እኩል ይዛ አልቆየችም፤ ሌላ ሴት ትጠብቃት ስለነበር ቸኩላ ነበር።

ዓምና ሆስፒታሉ የሚያሹና የሚያዋልዱ ሴቶችን ሰብስቦ ዛፍ ሥር ሲያስተምር፣ ሲስተር ጄን የምትባል ነርስ ሆድ አትጫኑ አለች። ሀዋኦ ይህን ከልጃገረድነቷ ጀምሮ የምታውቀው ስለሆነ ተነሣች። እኔን የምታስተምሪኝ ጡት ከተውሽ ስንት ዓመትሽ ነው ብላ ሴቶቹን አስቃ ሄደች። ስትሄድ ግን ከጀርባዋ የመጨረሻውን ሰምታለች። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ከሞቀ አትሹት፤ ውስጡ ደም ረግቶ ይሆናል፤ ከተገፋ ተነቅሎ ሳንባ ይገባል፤ ሴትዮዋ ትሞታለች።

"አላሸውም" አለች። "ሆስፒታል እንሂድ።"

ኢክራን ሣቀች። ሀዋኦ ግን የጣሳውን ክዳን ስትገጥም አይታ ሣቋን አቋረጠች።

"ዛሬ ሆስፒታል ከገባሁ ነገ አልሄድም። ያስተኙኛል።"

"ያስተኙሽ።"

"እማማ ካልቱማ ናቸው አይደል? እዚህ ትውለድ ብለው የመከሩት ነገር አለ።"

"እኔ?" አለች ካልቱማ ከባቄላው ቀና ሳትል። "ትኬቱን የቆረጠልሽ ማን ሆነና ነው? ሰባት ወልጄ የእግር እብጠት ሰው ሲያስጮህ አላየሁም። እሺያት ሀዋኦ፣ ልጅቷን አታስጨንቂያት።"

"የአንቺ ሁለቱም እግርሽ ነበር የሚያብጠው። አንዱ ብቻ ሲሆን ሌላ ነው።"

"ታዲያ ከትናንት ወዲያ ለምን አሸሻት?"

ሀዋኦ ልትሄድ ተነሣች። ጫማዋን እየፈለገች ሁለት ጊዜ ከጎኑ አለፈችው። ካልቱማ አየቻት፤ ከዚያ ባቄላውን አስቀምጣ፣ ልብሷን አራግፋ፣ ፒካፕ ያለውን ጎረቤት ልትጠራ ወጣች። ኢክራን ብቻዋን ልትነሣ ስትል ሀዋኦ ተቀበለቻት።

"በግራ እግርሽ አትርገጪ። እኔ ላይ ተደገፊ።"

"ዲላ እናቴ ዶሮዋን ሁሉ አስራ ነው የምትጠብቀኝ" አለች ኢክራን።

"ዶሮ አስሮ መጠበቅ ይቻላል።"

ሆስፒታሉ ውስጥ ተረኛዋ ሲስተር ጄን ነበረች። ሀዋኦ በሩ ላይ ስታያት ልትመለስ ምንም አልቀራትም። ጄን ሰላም አለቻት፤ ያወቀቻት ይሁን ያላወቀቻት ፊቷ አይናገርም። ኢክራንን አልጋ ላይ አስተኝታ እግሮቿን በመለኪያ ለካች፣ በጣቷ ነካካች።

"ሳል አለሽ? ደረትሽን ይወጋሻል?" በስዋሂሊ ነው የምትጠይቀው፤ ኢክራን ከገበያ በለመደችው ስዋሂሊ ትመልሳለች።

"የለም።"

"ትንፋሽ ያጥርሻል?"

"እንደ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር።"

"ይህን እግር ያሸው ሰው አለ?"

"የለም" አለች ኢክራን ፈጥና። የታሹ ሴቶች እዚህ እንደሚገሰጹ ታውቃለች። ሀዋኦን ግን አላየቻትም፤ ጣሪያውን ነበር የምታየው።

ጄን ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመረች። ሀዋኦ እስክሪብቶውን ተከትላ አየች። ዝም ብትል ማንም አይናገርባትም። ካልቱማ ደጅ ናት፤ ልጅቷም ሸፍናታለች። ነገ ገበያ ላይ ሴቶቹ ይቺ ናት ያችን ልጅ ያሸቻት አይሉም። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደች፣ ተመለሰች።

"እኔ አሽቼዋለሁ" አለች።

እስክሪብቶው ቆመ።

"ከትናንት ወዲያ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ከተረከዝ እስከ ጉልበት፤ ወደ ላይ እየገፋሁ። በደንብ ተጭኜ ነው።"

"እማማ፣ ምን አደረገዎት?" አለች ኢክራን በአማርኛ።

"ዝም በዪ።"

ጄን ሀዋኦን ትክ ብላ አየቻት። ሀዋኦ የምትሰማውን ስድብ ጠበቀች። ጄን ግን ወረቀቱ ላይ የጻፈችውን መስመር ሰርዛ ከታች ሌላ ጻፈች።

"ጥሩ አደረግሽ፣ ማማ፤ ነገርሽኝ" አለች። "ባልሰማ ኖሮ ደም የሚያቀጥነውን መርፌ ወግቼ ለሌሊቱ ተረኛ እተዋት ነበር። አሁን በየሰዓቱ ትንፋሿን ይቆጥራሉ። ዶክተሩን እጠራለሁ።"

"ነገ መሄድ እችላለሁ?" አለች ኢክራን።

"አትችዪም። በዚህ እግር ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ብትቀመጪ ዲላ አትደርሺም።"

ኢክራን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሀዋኦ እጇን ልታሳርፍበት ዘረጋች፤ መሐል ላይ መለሰችው። እጇ ዛሬ የት እንደሚያርፍ አላወቀችም።

"ልትሞት ነው?" ብላ ጄንን በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

"በጊዜው መጥታለች። ከዚህ በላይ አሁን ልነግርሽ አልችልም።" ጄን የአልጋውን ግርጌ በእግሯ ነካ አደረገች። "ይህ በኩል ከፍ ማለት አለበት። ማንሻው ተሰብሯል። ከውጭ ድንጋይ የሚያመጣልኝ ሰው ጥሪልኝ።"

ሀዋኦ ማንንም አልጠራችም። ከአጥሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ መረጠች፤ አንዱን አነሣች፣ ቁመቱን በስንዝር ለካች፣ ጣለችው። ፀሐይዋ አናቷን ትመታታለች። ሦስት አግኝታ በቧንቧው አጥባ፣ በነጠላዋ አድርቃ አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ ይዛ ገባች። ጄንና ከደጅ የገባችው ካልቱማ አልጋውን በግርጌው በኩል ሲያነሡ እሷ ተንበርክካ ሁለቱን ከአልጋው እግሮች ሥር አስገባች፤ እጇን አልጋው ላይ ጭና ገፋችው። አልተነቃነቀም።

"ከፍታው ደርሷል?" አለች ኢክራን ፊቷን ሳትመልስ።

"ደርሷል።"

ሀዋኦ የተረፈውን ሦስተኛ ድንጋይ አንሥታ፣ ሰው እንዳያደናቅፍ፣ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው።