ሳምሶን የሚባል አባት

ደክሞኛል። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል፤ «ፀዳለ፣ ያልደከመሽ መቼ ነው?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ከወልቂጤ ጉብሬ ባጃጅ ላይ ስንገጫገጭ ወገቤ ይቆረጣል። የምሠራበት የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ቢሮ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስፖርተኞቹ እየዘለሉ ይወጡታል፤ እኔ ፀሐፊዋ በየፎቁ እያረፍኩ።

በ2009 ዓ.ም. የክብር ሰሌዳ ይሠራ ተባለ። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ጀምሮ ሜዳልያ ያመጡ ልጆች ስም ተጽፎ ሜዳው በር ላይ ሊሰቀል። ስሞቹን ከመዝገብ የገለበጥኩት እኔ፣ ቀለም ቀቢውን የጨቀጨቅኩት እኔ። ለምርቃቱ የታሸገ ውሃ የተሸከምኩትም እኔው ነኝ፣ ሌላ ማን አለ!

የምርቃቱ ዕለት ሁሉም ፎቶ ተነስቶ ሲሄድ አንድ ሽማግሌ ሰሌዳው ፊት ቀሩ። ነጭ ቆብ አድርገዋል፤ ጋቢያቸው በርበሬ በርበሬ ይሸታል። በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ጨረሱና እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ምን ፈልገው ነው አባባ?» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲሄዱልኝ ነበር የፈለግኩት።

«ልጄን» አሉ። «ሸምሶ እባላለሁ፣ ከቡታጅራ ነው የመጣሁት። ሰልሚያ እዚህ ተጽፋለች ብለውኝ ነበር። የለችም።»

ክው አልኩ። ሰልሚያማ እዚያው ነበረች፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፦ «ሰላም ሳምሶን፣ 5000 ሜትር፣ ወርቅ፣ 2006።»

ያን ዓመት ለውድድር ልትመዘገብ በቱታና በኮፍያ መጣች። «ሰልሚያ ሸምሶ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እኔ የጎጃም ሰው፣ ጉራጌ አገር ከመጣሁ ዓመት ያልሞላኝ፣ ሰላም ሳምሶን ለማለት አፏ አልታዘዝ ብሏት ነው ብዬ አቃናሁላት። አቃናሁላት! መታወቂያዋን እንኳ አላየሁም። ሰርተፊኬቱም በዚያው ስም ወጣ።

«አሸነፍኩ ብላ ወረቀት አመጣችልኝ» አሉ ሽማግሌው። «ጎረቤት ባስነብብ የሌላ ሰው ስም ነው። ፀሐፊዋ ተሳስታ ነው አለች። የመንግሥት ቢሮ የሰው አባት ይሳሳታል? ሌባ ነሽ አልኳት። ይኸው ሦስት ዓመት ቤቴን አልረገጠችም። ከዚያ ወዲህ ሰው አላስነብብም ብዬ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ዛሬ ስሟን በዓይኔ ካየሁ፣ ወላሂ፣ ይቅር በይኝ ልላት ነበር።» ሰሌዳውን አንዴ አዩት። «እንግዲህ ዋሽታኛለች» ብለው መንገድ ጀመሩ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። አላህም እግዜርም ያውቃሉ እንጂ፣ አለቃዬ አያውቅም። ያቺ ልጅ ግን እስክትመረቅ ድረስ ቢሮዬ ተመላልሳለች። «እትዬ ፀዳለ፣ ስሜ ተሳስቷል የሚል ደብዳቤ ብቻ፣ ለአባቴ የማሳየው።» እኔ ደግሞ፣ ያው ደክሞኝ፣ «ነገ ነይ» እላታለሁ። በነጋታው ትመጣለች። «ነገ ነይ።»

«አባባ ሸምሶ!» ብዬ ጮህኩ። «ይመለሱ! ፀሐፊዋ እኔ ነኝ።»

ሦስተኛውን መስመር አሳይቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ደብዳቤውንም ሳልደብቅ። ጣታቸውን «ሳምሶን» ላይ አሳረፉና ፊደል በፊደል አነበቡት። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። በረገሙኝ!

«ያ ደብዳቤ» አሉ፣ «ለመጻፍ ምን ያህል ይፈጃል?»

«አምስት ደቂቃ» አልኩ።

ቆባቸውን አውልቀው ሰሌዳው ሥር ቁጭ አሉ። የልጅቷ ስልክ ያለው ፋይሏ ውስጥ ነው። አራቱንም ፎቅ ወጣሁ፤ አላረፍኩም። ትንፋሼ ሳይመለስ ወርጄ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ደወልኩ። አነሳች።

«ሰልሚያ፣ ፀዳለ ነኝ። የስፖርት ቢሮዋ።»

እንደ ድሮው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ፀዳለ፣ ደብዳቤው ደረሰ እንዴ?» አለችኝ።

እንባዬ ቀደመኝ። ስልኩን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ያዙት።

«ሸምሶ ነኝ» አሏት። «ሸምሶ፣ አባትሽ።»