ሳቂታዋ የክር አበባ መትከያ

ልዕልት ዴንቨር ከተማ ውስጥ ከምትሠራበት ሆስፒታል ቤቷ ገብታ ድካሟ የሚለቃት ኪሮሽ ስትሠራ ነው። ሰሞኑን ከቡናማ ክር ዓይንና ፈገግታ ያላት፣ ጉንጯ ቀላ ያለ ትንሽዬ የአበባ መትከያ ሠርታ፣ አናቷ ላይ አረንጓዴ የክር ቅጠሎችና አንዲት ድንክ ቁልቋል ሰፋችባት። ከዚያ መስኮቱ ጋ አስቀመጠቻት።

ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ ክው አለች። ከክር ቅጠሎቹ መሃል ቀጭን ቡቃያ ብቅ ብሏል። ነካ አደረገችው። ክር አይደለም፤ እርጥብ ነው።

"በስመ አብ!" ብላ ስታፈገፍግ ወንበሩን ገለበጠችው።

ልጇ ሮሆቦት ከመኝታ ቤት ሮጣ ወጣች። "ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ?"

"በቀለች! የሠራኋት መትከያ በቀለች!"

ሮሆቦት አየችና አፏን በእጇ ያዘች። "ኦ ማይ ጋድ! ኢት ኢዝ ሪል!"

የልዕልት አማት እማማ ብዙዬ ጩኸቱን ሰምተው ቀስ ብለው መጡ።

"መብቀሏ ምን ይገርማል? ጠዋት ጠዋት ውሃ የማጠጣት እኔ አይደለሁ?"

"እማማ! የክር እኮ ናት!"

"የምን ክር?" ዓይናቸው ደክሟልና ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሷት። ፊታቸው ተለዋወጠ። "ውይ በሞትኩት! ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?"

ልዕልት ትዝ ያላት ያኔ ነው። መትከያዋ እንዳትወድቅ ብላ ውስጧን የሞላችው በጥሬ ሽምብራ ነበር።

"ተርትሬ ላውጣው?" አለች፣ ድንጋጤው ገና ሳይለቃት።

"እንዳትነኪው!" አሉ እማማ ብዙዬ። "ክር ቀዶ የወጣ ነፍስ ነው።"

ልዕልት ውሃው እንዳይፈስ ከመትከያዋ ሥር ሳህን አኖረችላት።