ሸምሰዲን አልሸጥም ያለው ቦርሳ

ልጄ ወንድይራድ ቦርሳ እንድመርጥለት ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረምሳ ከሆነ ወዲህ በምንም ነገር አማክሮኝ አያውቅም። ሥራ ሲይዝ አይነግረኝም፣ ሲለቅም ከሰው ነው የምሰማው። ያን ቀን ግን ቁርሱን እየበላ፣ “እማ፣ ጠንካራ ቦርሳ እፈልጋለሁ” አለኝ። “ለጂምም የሚሆን፣ ቅዳሜና እሁድ ወናጎ አያቴ ጋ ስሄድም ልብስ የምይዝበት። አንቺ ስፌት ታውቂያለሽ፣ አብረሽኝ ነይ።”

ስፌት አውቃለሁ። እሱን ያሳደግኩት እዚሁ ዲላ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ የጆንያ አፍ እየሰፋሁ ነው። የማላውቀው የልጄን ሆድ ነው። ጎረቤታችን እዮብ በሞያሌ አድርጌ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ፣ ልጄ በር በከፈተ ቁጥር “ወዴት ነው?” እላለሁ። የሞያሌ መንገድ ከደጃችን ብዙ አይርቅም። ለመሄድ እጅ ዘርግቶ መኪና ማስቆም ብቻ ነው። የእዮብ እናት እስከ ዛሬ ስልኳን ከእጇ አታወርድም፣ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ ይዛው ትገባለች። እኔ ግን ጂም የሚሄድ ልጅ ሰውነቱን ለዲላ ቆነጃጅት ሊያሳይ ነው፣ አያቱን የሚጠይቅ ልጅም ልቡ እዚሁ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ገበያው አጠገብ ወዳለው የሸምሰዲን ሱቅ ሄድን። ሸምሰዲን ጫማና ቦርሳ ይሸጣል። ቀልድ አያልቅበትም።

“ለጂም ነው ለመንገድ?” አለን።

“ለሁለቱም” አልኩት። “አንዱ ቦርሳ ሁለት ሥራ ይሥራ።”

“እንደ ዘንድሮ አስተማሪ በሉኛ።”

መጀመሪያ ያወረደልን ቀይ ነበር። ሲያዩት ያምራል። እኛ መጋዘን ጆንያ የምንፈትሸው አንዱን ጫፍ በእግር ረግጠን፣ ሌላውን በሁለት እጅ ወደ ላይ በመሳብ ነው። ጫማዬን አወለቅሁና ቦርሳውን ረግጬ ማንጠልጠያውን ሳብኩት። ክሩ ጠጠጥ አለ።

“እናቴ፣ እኔ ያመጣሁት ቦርሳ ነው” አለ ሸምሰዲን። “የሚጎትቱት ግን እንደ በሬ ነው።”

“እዚህ የጮኸ እዚያ ይበጠሳል” አልኩትና መለስኩለት።

ሁለተኛው ጎማ ነበረው። ወንድይራድ ገና ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። “ጎማ አልፈልግም።”

“አስፋልት ላይ እንዴት እንደሚንከባለል ብታይ” አለ ሸምሰዲን።

“ሁልጊዜ አስፋልት ላይ አይደለም የምሄደው።”

“የአያቱ ቤት ዳገት ነው” አልኩ እኔ። “ጭቃውም አይጣል ነው።”

ሦስተኛው ጥቁር ሸራ ነው። ገልብጬ ውስጡን አየሁት። ስፌቱ ድርብ ነው፣ ገበሩም ጥብቅ። ዚፑ ወፍራም ነው፣ ታችም ለጫማ የተለየ ኪስ አለው። በእጅም ይያዛል፣ በጀርባም ይታዘላል። ረግጬ ብስበው ብስበው ዝም። እንደዚህ ዓይነት ስፌት ሳይ የራሴ ሥራ ይመስል ደስ ይለኛል። ወንድይራድ አዘለውና በቆመበት ዘለል ዘለል አለ።

“ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ቢመታው ውስጡ ይርሳል?” ሲል ጠየቀ።

“ጂሙ ጣሪያ የለውም እንዴ?” አለ ሸምሰዲን።

እኔ ሳቅሁ፣ ልጄ አልሳቀም። “የአያቱ ቤት ያፈሳል” አልኩ።

“የጫማው ኪስ ትልቁን የውሃ ፕላስቲክ ይይዛል?”

“ስፖርት ውሃ ያስጠማል” አልኩ አሁንም እኔው።

ከዚያ ቦርሳውን አውርዶ ጀርባው ላይ ያለውን ነጭ መስመር በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። መብራት ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ መስመር ነው። “ይሄ ይነሳል?” አለ።

“እሱማ ለራስህ ነው” አለ ሸምሰዲን። “በጨለማ ስትሄድ መኪና እንዲያይህ።”

“አልወደውም።”

በዚህች ምክንያት ጥሩውን ቦርሳ ትቶ እንዳይሄድ ፈራሁ። ለክር የምይዛት ምላጭ ከቦርሳዬ አትጠፋም። “ይሄማ ምን አለው፣ አሁን እፈታዋለሁ” ብዬ ቁጭ አልኩና ስፌቱን መበጣጠስ ጀመርኩ። ክሩ ታዛዥ ነበር። ግማሽ እንደደረስኩ የሸምሰዲን እጅ መጥቶ እጄ ላይ አረፈ።

“ይተዉት እናቴ።”

“ቀዳዳ አይተውም፣ አትስጋ።”

“ይተዉት። ይሄን ቦርሳ አልሸጥም።”

ሳልከፍል መቁረጤ አናዶት መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቀው ቀና አልኩ። የሚያየው ግን እኔን አልነበረም።

“ከማን ጋር ነው የምትሄደው?” አለው ልጄን።

“ጂም?”

“ስለ ጂም አይደለም የጠየቅሁህ።”

ሸምሰዲን ወደ እኔ ዞረ። ከፊቱ ላይ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቷል። “የእህቴ ልጅ ዘከርያ ከዚሁ መደርደሪያ ነው የወሰደው” አለኝ። “ጎማ አልፈልግም አለኝ። ስለ ዝናብ ጠየቀኝ። ያን መስመር ደግሞ እኔው በመቀስ አነሳሁለት፣ ለኳስ ልምምድ መስሎኝ። በሞያሌ የሚያሻግራቸው ደላላ ነው እንደዚያ የሚያዛቸው። ማታ ጫካ ሲያቋርጡ የጠባቂ መብራት ቦርሳቸው ላይ እንዳያርፍ ነው። አሁን የት እንዳለ አላህ ነው የሚያውቀው።”

ምላጯ በጣቶቼ መሃል እንዳለች ነበረች። መስመሩ ግማሹ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ስለ ሞያሌ፣ ስለ በረሃ፣ ስለ ምንም አላሰብኩም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግማሹን የፈታሁት እኔ ነኝ።

“ወንዴ” አልኩ። “ሐሰት ነው በለኝ።”

ወለሉን ያያል።

“ቅዳሜ ወናጎ አያቴ ጋ ነው ያልከኝስ?”

“አያቴ ጋ አድራለሁ። እሱ እውነት ነው” አለ። “እሁድ ሌሊት ከወናጎ ነው የምንነሳው።”

“ጂሙስ?”

“ለመንገዱ ጉልበት ያስፈልጋል ብለውን ነው።”

አንድም ነገር አልዋሸኝም። ይሄ ነው የባሰ ያስደነገጠኝ። ጂሙም እውነት፣ ወናጎም እውነት፣ ዳገቱም ዝናቡም እውነት። እኔ ነበርኩ ለእያንዳንዱ ምክንያት እያበጀሁ የማቀብለው። አንድ የጫማ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ካርቶኑ ከሥሬ ተጨፈለቀ። ሸምሰዲን አይቶ እንዳላየ ሆነ።

“እሺ፣ እናትህን ለምን አመጣሃት?” አለው። “ብቻህን መጥተህ መግዛት አትችልም ነበር?”

“እሷ የመረጠችው አይበጠስም” አለ ልጄ። ደግሞም፣ “የእሷ እጅ የነካው ነገር ይዤ ልሂድ ብዬ ነው” አለ።

ይህን ሲል ድምፁ የሕፃን ሆነ። ወዲያው ግን ጠነከረ። “አሁን ባትገዢልኝም እሄዳለሁ እማ። በማዳበሪያም ቋጥሬ እሄዳለሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ልሁን? የቡና ጆንያ ስሸከም ላርጅ?”

ብለምነው፣ የእዮብ እናትም ለምናለች። ባለቅስ፣ አልቅሳለች። ከካርቶኑ ላይ ተነሣሁ።

“ሸምሰዲን፣ ሁለተኛ አምጣልኝ። ከዚሁ ዓይነት።”

“ለማን?”

“ለእኔ።”

“እማ” አለ ወንድይራድ።

“ወገቤን ትንሽ ያመኛል፣ አነስ ያለ ካለ ይሻላል” አልኩ ለሸምሰዲን። ሸምሰዲን አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየና አነስ ያለውን አወረደ። ረግጬ ሳብኩት። ዚፑን ከፍቼ ዘጋሁት። ገበሩን ገለበጥኩ። የምሬን ነበር የምመርጠው። ልጄን ላስፈራራ ብዬ አልነበረም።

“አንቺ ሞያሌ ምን ታደርጊያለሽ?”

“አንተ የምታደርገውን።”

“ቀልዱን ተዪ እማ። መንገዱን አታውቂውም።”

“አንተ ታውቀዋለህ?”

“ጫካ ውስጥ ሌት ተቀን ነው የሚኬደው። አንቺ እዚሁ ቅርብ እስካለው ጪጩ እንኳ በእግርሽ አትደርሺም።”

“ከጪጩ በኋላ ትተኸኝ ትሄዳለህ ማለት ነው” አልኩ። “እስከዚያ ግን አብረን ነን።”

ቦርሳውን አዘልኩት። አንዱ ማሰሪያ ረዝሞ ከትከሻዬ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ወንድይራድ እንደ ልማዱ ሊያስተካክልልኝ ወደ ኋላዬ ዞረ። ነጠላዬን ከሥሩ አወጣ፣ ማሰሪያውን አሳጠረ፣ ትከሻዬ ላይ ጎተት አደረገው። ከዚያ እጁ እዚያው ቆመ። ፊቱን አላየሁትም፣ ትንፋሹን ብቻ ሰማሁ።

“አውርጂው” አለኝ።

“አንተ መጀመሪያ።”

“እኔ አላዘልኩም እኮ።”

እውነቱን ነው፣ የእሱ ቦርሳ የሸምሰዲን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ግን ነገሩ ለሁለታችንም ገብቶናል። አንዲት ሴት ለልጇ ጫማ ልትጠይቅ ገብታ፣ ሁኔታችንን አይታ ወጣች። በመጨረሻ የእሱን አንሥቶ ለሸምሰዲን ሰጠው። እኔም የእኔን አወረድኩ። ለቆረጥኩት መስመር ልከፍለው ብል ሸምሰዲን እጁን አወዛወዘ። “እሰፋዋለሁ” አለ።

አስፋልት ላይ ስንወጣ ጸሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ስለ እሁድ የማለልኝ ነገር የለም፣ እኔም ማል አላልኩትም። ጃኬቱን እጅጌው ላይ ይዤዋለሁ፣ ሰው ቢያየንም አለቀቅሁትም። ባጃጅ ቆመልንና ገባን።

“ወዴት ነው?” አለ ሾፌሩ።

ሌላ ጊዜ እኔ ነኝ የምመልሰው። ያኔ ግን ለእሱ ተውኩለት። ባጃጁ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ቆሞ ጠበቀ። ከኋላችን አንድ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋብን። ወንድይራድ ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ አየ፣ የያዝኩትን እጅጌውን አየ።

“ወደ ቤት” አለ፣ የሰፈራችንንም ስም ነገረው።