መሪጌታ የተማሩት የመርከብ ቃል

አዲስዓለም ደብዳቤውን ያነበበችው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ መዝገበ ቃላት ጭኗ ላይ ዘርግታ ነው። ጊዜው ሰኔ 1957 ዓ.ም.፣ ሰባተኛ ክፍልን ልትጨርስ ሦስት ቀን ሲቀራት ነበር። ደብዳቤው ታላቅ ወንድሟ ደምሌ ከሚሠራበት የመርከብ ድርጅት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ዘጠኝ መስመር ብቻ። ደምሌ በትኩሳት ታሞ ባሕር ላይ ሞቷል፤ አስከሬኑም እዚያው ባሕር ውስጥ ተቀብሯል። ሌላ ፍች ባገኝ ብላ መዝገበ ቃላቱን አገላበጠች፤ አገላበጠች። አላገኘችም።

አገሯ ቤተ ልሔም ስትደርስ መጀመሪያ የሄደችው ወደ አጎቷ፣ ወደ አባቷ ታናሽ ወንድም ወደ እንየው ነው። እንየው ሰምቶ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ቆይቶ ግን ጠንከር ብሎ ተናገረ።

«ስሚኝ ልጄ፤ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ በር ተመትቶ ነው። የስማዳዎቹ ዘመዶቻችን ደግሞ ወንዙ ሞልቶባቸዋል። መስቀል ይዋል። እስከዚያ ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ!»

ወጉ ወግ ነው፤ ለእንየው ማዘዙ ቀላል ነበር። ክረምቱን ሙሉ ከአባቷ ጋር አንድ ቤት የምትውለው ግን እሷ ናት። እናቷ ከሞተች ቆይታለች።

አባቷ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የድጓ መምህር ናቸው። ደምሌ ድጓውን በእኩሌታ ትቶ ምጽዋ ወርዶ መርከብ ላይ ሰሃን አጣቢ በሆነ ጊዜ፣ «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» ብለው አራት ዓመት ስሙን ሳይጠሩ ኖረዋል። የተናገሩትን መልሶ መዋጥ የማያውቁ ሰው ነበሩ። በዚያ ክረምት ግን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ አንድ ቀን ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ገቡና፣

«ደምሌ የላከልሽ የመርከብ መጽሐፍ አለች አይደል? አምጫትና አስተምሪኝ» አሉ።

«እርስዎን? እንግሊዝኛ?»

«ደብዳቤ ልጽፍለት ነው። ታርቄዋለሁ። በሥራው ቃል ብጽፍለት ከልቤ መሆኑን ያውቃል።»

አዲስዓለም ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ! ግን የአጎቷ ቃል አሰራት፤ መጽሐፏን አመጣች።

መጽሐፏ የአንድ ትልቅ የመንገደኛ መርከብ ሥዕል አለባት፤ በየክፍሉ ስሙ ተጽፏል። ባሕር ያላየች መምህርት፣ ባሕር ላላዩ ተማሪ ታስተምር ጀመር። መሪጌታ በስልሳ ዓመታቸው ተማሪነትን አሳመሩት። እሷን መደብ ላይ አስቀምጠው ራሳቸው ታች ቁርበት ላይ ይቀመጣሉ። የትናንቱን ሳይወጡ የዛሬውን አይቀበሉም። ደግሞም ዜማ ያልገባበት ቃል ጭንቅላታቸው አይይዝምና፣ «ዴክ፣ የመርከብ ሰገነት፤ ካቢን፣ የመርከብ እልፍኝ፤ ጋሊ፣ የመርከብ ማድ ቤት» እያሉ በአራራይ ዜማ ሲያዜሙ፣ ውጭ ያሉት የድጓ ተማሪዎች በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

«ፓሴንጀር ማለት?» አሉ አንድ ቀን።

«መንገደኛ ነው፣ አባባ።»

«ነጋዴ ነው?»

«አይደለም። ለሽርሽር ነው የሚሳፈሩት። ወር ሙሉ ባሕሩን ዞረው ወደተነሡበት ይመለሳሉ።»

«ገዳም ሳይሳለሙ? ዘመድ ሳይጠይቁ?» መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጤናም የላቸው! ልጄ እንግዲህ የእነዚህን ሰሃን ነው የሚያጥበው።» ቀጥለው ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ። «ጋሊ ይቺ ናት አይደል? አሁን እዚህ ጋ ቆሟል ማለት ነው።»

አዲስዓለም «አዎ» አለች። ከሁሉ የከበዳት ይህች «አዎ» ናት። አባቷ ልጃቸውን በየቀኑ ከክፍል ክፍል ሲያዘዋውሩት፣ ዛሬ ሰገነት ላይ ነፋስ ሲያስመቱት፣ ነገ እልፍኙ ውስጥ ሲያስተኙት፣ እሷ መደቡ ላይ ተቀምጣ ክፍሉን በጣቷ ታሳያቸው ነበር።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት መሪጌታ ወረቀትና ብዕር አቀረቡላት። ዓይናቸው በጥቁር ቀለም ለሚጻፍ የብራና ጽሕፈት እንጂ ለደቃቅ የብዕር ጽሕፈት ስለማይሆን እሷ ልትጽፍ ነው።

«ጻፊ። ይድረስ ለልጄ ለደምሌ ቀለመ ወርቅ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል?»

«ይድረስ» ብላ ጻፈች። «ለልጄ» ብላ ጻፈች። ስሙ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

መሪጌታ ጠበቁ። አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ እያስቀጸሉ ዜማ ያስጠኑ፣ ጎበዙም ሰነፉም የት ላይ እንደሚደናቀፍ ከትንፋሹ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ፊቷን አዩት።

«አዲሴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የደበቅሽውን ስጪኝ።»

የመርከብ ድርጅቱን ደብዳቤ ከመቀነቷ ፈትታ ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም።

«አንቺው አንብቢው። በቋንቋው። የማላውቀው ሲመጣ ታስተምሪኛለሽ።»

አነበበች። ጋሊ ስትል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያውቋታል። ካቢን ስትል ነቀነቁ። «ፊቨር» ስትል እጃቸውን አነሡ።

«ይህስ?»

«ትኩሳት ነው።»

«ቀጥዪ።»

ዴክ ስትል ነቀነቁ። ቀጥሎ «በሪድ» አለች፤ አሁንም እጃቸው ተነሣ።

«ይህስ?»

«ተቀበረ» አለች አዲስዓለም።

መሪጌታ ቃሉን እንደ ልማዳቸው ሊደግሙት ከንፈራቸውን አላወሱ፤ አልወጣላቸውም። ደጅ ዝናቡ ይወርዳል።

«ያለ ፍትሐት?» አሉ።

«ቄስ እንዳልነበረ ነው የሚመስለኝ።»

«ቀኑን ጽፈውታል?»

«ኤፕሪል ሃያ አንድ ይላል። በእኛ ሚያዝያ ዐሥራ ሦስት።»

የግራ እጃቸውን ጣቶች በአውራ ጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። አንድ ጊዜ ቆጥረው አልበቃቸውም፤ ደገሙት።

«ፋሲካ ዐሥራ ሰባት ዋለ። ዐሥራ ሦስት ረቡዕ ነው፤ የሕማማት ረቡዕ። በሕማማት ፍትሐት የለም፤ የሳምንቱ ሟች ሁሉ ፍትሐት አስቀድሞ ሆሳዕና ዕለት ይደርሳል። ከካህናቱ ጋር ቆሜ ያደረስሁት እኔ ነኝ። የቅርቡም የሩቁም ገብቶበታል። ልጄም ገብቶበታል።»

አዲስዓለም እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር።

«ያን ቀን ማንን እያሰብሁ እንደቆምሁ ታውቂያለሽ? ከደብሩ ሥር ታሞ የተኛ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ እሱን ነው። ልጄን አላሰብሁትም። አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።»

ከሰኔ ጀምሮ የታፈነው ያን ጊዜ ወጣ። አዲስዓለም ወንድሟን በስሙ ጠርታ ጮኸች። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች በዝናቡ ውስጥ እየሮጡ መጡ፤ እንየውም ከአረም እጁ ጭቃ እንደሆነ ደረሰ። ልጅቱን አየና ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ታላቅ ወንድሙ ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ ልጃቸው የጀመረችውን ወረቀት ይዘው፣ ታች ቁርበቱ ላይ እንደተቀመጡ አያቸው፤ ቁጣውን ትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።